ከጆርጅታውን እስከ ካምበርላንድ ከልጆች ጋር በብስክሌት፦ ስለ ብስክሌትና ዕቃ ዝግጅት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለፈው ሰመር ከሦስት ልጆቻችን ጋር የሲ ኤንድ ኦ ካናልን (የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይን) መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከጨረስን ወዲህ ዘመድ ወዳጅ እየደጋገመ የሚጠይቀን ይኸው።

መንገዱ እንዴት ያለ ነው? ልጅ ይችለዋል?

ይችለዋል። መንገዱ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጅታውን ላይ ይጀምራል። ከዚያ የፖቶማክን ወንዝ እየተከተለ ሜሪላንድ ውስጥ ካምበርላንድ ድረስ 184.5 ማይል ይሄዳል፤ 297 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና አይገባበትም። ድሮ በቅሎዎች የድንጋይ ከሰል የጫነ ጀልባ በገመድ እየጎተቱ የሚያዘግሙበት የቦይ ዳር መንገድ ነበር። ጀልባው በ1924 እ.ኤ.አ. ቆመ፤ ቦታው በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወጣው ከፍታ 605 ጫማ ብቻ ስለሆነ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል።

የሚያስቸግረው መሬቱ ነው። አስፋልት አይደለም። ብዙው ቦታ ደቃቅ ጠጠር ነው፤ ሌላው አፈር፣ የዛፍ ሥር፣ ከዘነበ ደግሞ ጭቃ። ቀኑን ሙሉ መንገጫገጭ አለ። ልጆች ላይ ያየሁት እግራቸው ገና ሳይደክም እጃቸውና መቀመጫቸው ሲያማቸው ነው። ስለዚህ ከታች የምጽፈው ሁሉ መነሻው አንድ ነው፦ ዝግጅቱን በትንሹ ልጅ ልክ ስሩት። እኛ በሰባት ቀን ጨረስነው፤ በቀን 26 ማይል ገደማ። ሰባት ቀን ያልነው እኔና ባለቤቴ ስለምንችል አይደለም፤ የስምንት ዓመቱ ልጃችን ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ሳያለቅስ የሚውልበት ልክ እሱ ስለነበረ ነው።

አዲስ ብስክሌት መግዛት አለብን?

አያስፈልግም። ሰፋ ያለ ጎማ የሚቀበል፣ ማርሹ የሚቀየር፣ ፍሬኑ የሚይዝ ከሆነ ያላችሁ ይበቃል። እኔ የነዳሁት ከሰው በ120 ዶላር የገዛሁትን አሮጌ የተራራ ብስክሌት ነው። የማይሆነው ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው። ከኋላም ሞላ ያለውን አልመክርም፤ ዕቃ መጫኛ ማሰር ያስቸግራል።

ትርፍ ገንዘብ ካላችሁ ለልጁ ብስክሌት አውጡት። ይሄን ደጋግሜ እላለሁ። ርካሽ የልጆች ብስክሌት ብዙ ጊዜ ከባድ ነው። 55 ፓውንድ የሚመዝን ልጅ 30 ፓውንድ ብስክሌት ላይ ስታወጡት የራሱን ክብደት ከግማሽ በላይ እየገፋ ነው። አንድ 170 ፓውንድ የሚመዝን አባት ከ90 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ብስክሌት ሰባት ቀን ንዳ ቢባል ምን እንደሚል አስቡት። ደግሞ "ያድግበታል" ብላችሁ ትልቅ አትግዙ። ጫማና ጃኬት ላይ ያስኬዳል። ብስክሌት ላይ ግን የልጁ ጣት ፍሬኑ ላይ አይደርስም፣ ሲቆምም እግሩ መሬት አይነካም። ጥሩ ያገለገለ ብስክሌት ፈልጉ፤ ልጆች ቶሎ ስለሚያድጉ ብዙ ያልተነካ ይገኛል።

ትንንሾቹን በምን እንውሰዳቸው?

ከአንድ ዓመት በታች ያለ ልጅ ይቅር። አንገቱ ሄልሜት ተሸክሞ ያን ሁሉ መንገጫገጭ አይችልም። ከዚያ በላይ እስከ አራት፣ አምስት ዓመት ያለ ልጅ በብስክሌት ተጎታች ጋሪ ይሄዳል። የእኛ የሦስት ዓመቷ በዚያ ነው የሄደችው፤ ግማሹን መንገድ ተኝታ። ብዙዎቹ ባለ ሁለት መቀመጫ ተጎታቾች እስከ 100 ፓውንድ ይሸከማሉ፤ ነገር ግን ከልጁ ኋላ የምትወሽቁት ዳይፐር፣ ብርድ ልብስና መጫወቻ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። የፊቱን መረብ ዝጉ፤ የእናንተ የኋላ ጎማ ጠጠር ይወረውራል። እናንተ እየላባችሁ እሷ ውስጥ ሆና ልትበርዳት እንደምትችልም አትርሱ። አንገቷን በእጃችሁ እየነካችሁ እዩ።

ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ላለው ከአዋቂ ብስክሌት ኋላ የሚቀጠል አንድ ጎማ ያለው ግማሽ ብስክሌት አለ። ልጁ ሲፈልግ ይረግጣል፣ ሲደክመው ያርፋል። ስምንት ዓመት ከሞላውና ከለመደ በራሱ ይንዳ፤ ማርሽ ያለው ባለ 20 ወይም ባለ 24 ኢንች።

ሄልሜት ሜሪላንድም ዲሲም ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግዴታ ነው። እናንተም አድርጉ፣ ልጆች ከእናንተ ያዩትን ነው የሚያደርጉት። ሴት ልጆች ሹሩባ ከተሠሩ ቀጠን ብሎ ወደ ኋላ የተኛ ይሁን። ትልቋ ልጃችን ፀጉሯን አናቷ ላይ ጠቅልላ ሄልሜቱ ወደ ኋላ እየሸሸ ግንባሯ ባዶ ሲቀር ነው የገባኝ። ሄልሜት ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ላይ መቀመጥ አለበት።

ጎማው ምን ያህል ይስፋ? ነፋሱስ?

ለአዋቂ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ደስ ይላል። 35 ያስኬዳል፣ ከዚያ በታች አትሞክሩት። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የነፋስ ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ እዚያ ድረስ መሙላት የለባችሁም። ድርቅ ያለ ጎማ ጠጠር ላይ ያዘልላል። እኔ ዕቃ በጫነው የኋላ ጎማ 50 ፒኤስአይ፣ በፊቱ 40 አድርጌ ነው የነዳሁት። የልጁን ግን 30 አደረግነው። ቀላል ስለሆነ በኛ ልክ ብንሞላለት ጠጠሩ ሁሉ እጁ ላይ ነበር የሚያልቀው።

የነፋስ መሙያውን አፍ ደግሞ አሁኑኑ ሄዳችሁ እዩት። ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ እንደ መኪና ጎማ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭንና ጫፉ የሚፈታ። የአባት ቀጭን፣ የልጅ ወፍራም፣ የተጎታቹ ወፍራም ሆኖ የያዛችሁት ፖምፓ ለአንዱ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ጫካ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ትቀራላችሁ። ለሁለቱም የሚሆን ፖምፓ ግዙ።

ከመነሳታችን በፊት ምን እንፈትሽ?

ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ሠሪ ውሰዱት። በመጨረሻው ሳምንት አይደለም፤ ሰመር ላይ ወረፋ አለ፣ ዕቃም ይጎድላል። ከተመለሰ በኋላ ግን ራሳችሁ ፈትሹት። የእኔን ብስክሌት አንድ ሱቅ ሁሉ ነገሩ ታይቷል ብሎ መለሰልኝ። በሁለተኛው ቀን ፖይንት ኦፍ ሮክስን አልፈን፣ 50ኛው ማይል አካባቢ፣ ከኋላዬ ጥርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል የዕቃ መጫኛዬ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ቦርሳው ራጂውን (የጎማውን ቀጫጭን ሽቦዎች) እየፋቀ ነው። ብሎኑ ተፈታትቶ የሆነ ቦታ ወድቋል። ሌላ ሁለት መቶ ሜትር ብሄድ ቦርሳው ጎማው ውስጥ ይገባ ነበር፤ ከኋላዬ ደግሞ ልጄ ነበረች።

ያዳነን የውሃ ጠርሙስ መያዣው ብሎን ነው። በአብዛኛው ብስክሌት ላይ የጠርሙስ መያዣውና የዕቃ መጫኛው ብሎን ውፍረት አንድ ነው፣ 5 ሚሊ ሜትር። አንዱን ፈትቼ እዚያ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ጠዋት ቡና ሳይፈላ ብሎን በመፍቻ እየነካሁ አልፋለሁ፦ የዕቃ መጫኛ፣ መሪ፣ መቀመጫ፣ ፔዳል፣ የተጎታቹ ማያያዣ። የተጎታቹን ፒንና የደህንነት ማሰሪያውን ሁለት ሰው እየተቀባበለ ይየው።

ቀሪው ቀላል ነው። ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ አሽከርክሩት፤ ፍሬኑን ሳይነካ ቀጥ ብሎ መዞር አለበት። ጎማውን ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት፤ ከተነቃነቀ ሠሪው ይየው። ፍሬኑን ጨብጡ፤ እጀታው መሪውን እስኪነካ ድረስ ከመጣ የፍሬኑ ሸማ (ሲጨበጥ የሚይዘው ላስቲክ) አልቋል ወይም ገመዱ ላልቷል። የጎማው ጎን ላይ ስንጥቅ ካለ ለውጡት። ይሄን ሁሉ ስታደርጉ ከልጁ ብስክሌት ጀምሩ። ሁሌ መጨረሻ ላይ የሚታየው፣ ሁሌም ሳይታይ የሚቀረው የሱ ነው።

ሳንለማመድ ብንሄድስ?

አትሂዱ። ሁለት ልምምድ ይበቃል፣ ግን ዕቃው ተጭኖ። አንዱን ቀን ከጆርጅታውን ግሬት ፎልስ ድረስ 14 ማይል ሄዳችሁ ተመለሱ። ሌላ ጊዜ አንድ ሌሊት አድራችሁ ተመለሱ። ዕቃ የጫነ ብስክሌት ሲቆም ይወድቃል፣ ሲታጠፍ ይከብዳል፣ ቶሎ አይቆምም። ልጆቹ አስቀድመው በደንብ በሚያውቁት መንገድ ላይ ይልመዱት። እኛ በመጀመሪያው ልምምድ ላይ ከጫንነው ግማሹን ቤት አስቀርተናል።

ዕቃውን የት እንጫን?

ከባዱ ዝቅ ብሎ ወደ ብስክሌቱ የተጠጋ ይሁን። ድንኳን፣ መሣሪያና ምግብ ከኋላ በሁለቱ የጎን ቦርሳ ውስጥ፣ ግራና ቀኙ ተመጣጥኖ። ላይ ላይ የሚታሰረው ቀላሉ ብቻ ነው፦ የመኝታ ከረጢት፣ ፍራሽ። የሚለጠጥ ገመድ ከመንጠቆ ጋር ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ እኔ እፈራዋለሁ። መንጠቆው ሲወልቅ ራጂ ውስጥ ይገባል። ጠፍጣፋ ማሰሪያ ባለ መቆለፊያ ይሻላል፤ ትርፉን ጫፍ አትተዉት፣ ጠቅልላችሁ እሰሩት።

ልጆች በጀርባቸው ምንም አይሸከሙ። የስምንት ዓመቱ ልጃችን መሪው ላይ ያለች ትንሽ ቦርሳ ነበረችው፤ ውስጧ ቆሎ፣ የእጅ ባትሪና አንድ መኪና። የራሱ ጭነት ስላለው ኩራቱ ሌላ ነበር።

ቦርሳው ውሃ አያስገባም ቢባልም ልብሱን በፕላስቲክ ለየብቻ ቋጥሩ፤ የእያንዳንዱ ሰው ልብስ በአንድ ፌስታል። ማታ ዝናብ ላይ "የኔ ካልሲ የት ነው" የሚለው ፍለጋ ይቀርላችኋል።

ምን መሣሪያ እንያዝ?

በየከተማው መሃል ብዙ ማይል ጫካ አለ። ጎሚስታ የለም። እኛ የያዝነው ይሄ ነው፦ ፖምፓ፣ የጎማ ማውለቂያ ምላስ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ የአለን ቁልፎች (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ስብስብ፣ የሰንሰለት መፍቻና አንድ መቀጠያ፣ አራት ትርፍ ብሎን፣ የፍሬን ሸማ፣ የሰንሰለት ዘይት፣ ጨርቅ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያና ወፍራም ፕላስተር። ቦታ ለመቆጠብ ፕላስተሩን ፖምፓው ላይ ጠቅልሉት።

የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪው፣ ላይ ነው ቤተሰብ የሚሳሳተው። በአንድ ቤተሰብ አራት ዓይነት የጎማ መጠን ሊኖር ይችላል። የአባት 26፣ የእናት 28፣ የልጅ 20፣ የተጎታች 16 ወይም 20። ለእያንዳንዱ መጠን አንዳንድ ያዙና መጠኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት። የአዋቂ በየሱቁ ይገኛል፤ የልጅ ግን በትንሽ ከተማ ላይገኝ ይችላል። ቤት ሳላችሁ የኋላ ጎማ ማውለቅና መመለስ ተለማመዱ። በዩቲዩብ ማየትና በዝንብ ተከቦ መሥራት ይለያያል።

ማደሪያው እንዴት ነው? ምን ይዘን እንሂድ?

በመንገዱ ዳር በየጥቂት ማይሉ ለእግረኛና ለብስክሌት የተዘጋጀ የድንኳን ቦታ አለ። ነፃ ነው። ቀድሞ የደረሰ ይይዛል፣ በአንድ ቦታ አንድ ሌሊት ብቻ። ጠረጴዛ፣ እሳት ማንደጃ፣ ሽንት ቤትና የእጅ የውሃ ፓምፕ አለው። ውሃው አዮዲን ስለሚገባበት ጣዕሙ ለየት ይላል፤ ልጆች እንዳይጠሉት ሎሚ ጨምቁበት። በብርዱ ወራት የፓምፑ እጀታ ይወልቃል። በሌላውም ጊዜ የተበላሸ ፓምፕ ሊያጋጥም ስለሚችል ሁልጊዜ የሚቀጥለውን ማደሪያ የሚያደርስ ውሃ ይኑራችሁ።

አንድ የማይነገር ነገር ባቡር ነው። በወንዙ ዳር ሌሊቱን የጭነት ባቡር ያልፋል፣ ጡሩምባውም ይነፋል። የጆሮ መድፈኛ ለሁሉም ያዙ። መዥገርም አለ። ረጅም ካልሲ፣ መከላከያ ቅባት፣ ማታ ማታ ደግሞ የልጆቹን ብብት፣ ከጉልበት ኋላና የፀጉር ሥር በባትሪ ማየት። ሦስት ቅጠል ያላትን መርዘኛ ሐረግ ልጆቹ በፎቶ ይወቋት።

ምን እንብላ? ፍልሰታ ላይ ከዋለስ?

እዚህ ላይ እኛ ታድለናል። ብስክሌተኛ በውድ የሚገዛውን የመንገድ ምግብ እናቶቻችን ድሮ ለነጋዴና ለዘማች ስንቅ ይሠሩት ነበር። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ። ድርቆሽን የመሰለ የጉዞ ምግብ አላየሁም፤ አይከብድም፣ አይበላሽም። ማታ ውሃ አፍልቶ ዘይትና በርበሬ ጣል ማድረግ ነው፣ በአሥር ደቂቃ ፍርፍር። ቦርሳ ውስጥ እንዳይደቅ በጠንካራ ዕቃ ያዙት። በሶ በጠርሙስ ውስጥ በውሃና በትንሽ ማር ተበጥብጦ ጠዋት አንድ ልጅ እስከ ረፋድ ያስኬዳል። ጭኮ በሐምሌ ሙቀት ቅቤው ይቀልጣል፤ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ይሁን።

ትምህርት የሚዘጋው ሰመር ላይ ስለሆነ ጉዞው ፍልሰታ ላይ ይወድቃል፤ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 7 እስከ 21። ባለቤቴ ጾማ ነው የሄደችው። ሽሮ በከረጢት ቀምማ ያዘች፤ ኦቾሎኒ ቅቤ፣ ቴምርና ሱፍ ጨመረችበት። ዋናው ሳይርባችሁ መብላት ነው። እኛ በየሰዓቱ እንቆም ነበር፣ ልጆቹ ራበኝ እስኪሉ አንጠብቅም። ልጅ ራበኝ ካለ ዘግይቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ ነው። ማታ የተረፈ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ። ራኩን ቦርሳ ይከፍታል፤ ወደ ላይኛው ክፍል ጥቁር ድብም አለ።

ከዘነበ ምን እናድርግ?

ጭቃው ከባድ ነው፤ ፍጥነታችሁ ግማሽ ይሆናል። የጭቃ መከላከያችሁ ከጎማው ጋር በጣም ከተጠጋ ጭቃው ይሞላበትና ጎማው አይዞርም። ወይ ክፍተት አብጁለት ወይ አውልቁት። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ያለው ሰው ጭቃ ላይ ሸማው ቶሎ ስለሚያልቅ ማታ ማታ ይየው። ሰንሰለቱን ጥረጉና ዘይት አድርጉ፣ ትርፉን መልሳችሁ ጥረጉ። ዘይት የበዛበት ሰንሰለት አሸዋ ይሰበስባል።

አራተኛው ቀን ላይ ዘንቦብን የዳንነው በአስፋልቱ ነው። ሃንኮክ አካባቢ ከቦዩ ጎን ለጎን የዌስተርን ሜሪላንድ የባቡር ሐዲድ መንገድ አለ፣ ወደ 28 ማይል የሚጠጋ አስፋልት። ልጆቹ ሲደርሱበት ጮሁ። መብረቅ ካለ ግን ሁሉም ነገር ይቁም።

የፓውፓውን ዋሻ ከልጆች ጋር እንዴት እንለፈው?

155ኛው ማይል አካባቢ ነው፤ 3,118 ጫማ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ውስጡ ጨለማ ነው፣ መሬቱ ጎርበጥባጣ፣ ከጎን የእንጨት አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ውሃ። አትንዱ፣ ውረዱና ግፉ። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ተጎታች ውስጥ ላለችውም ጭምር፣ ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ ያዙ። ብስክሌቱን በአጥሩ በኩል አድርጋችሁ ልጁ በግድግዳው በኩል ይሂድ። የስልክ መብራት አይበቃም፤ እጃችሁም ሥራ ላይ ነው። የኛዋ ትንሽ መሃል ላይ ስትደርስ መፍራት ጀመረች፣ እህቷ መዝሙር ጀመረችላት፣ ዋሻው ተቀበለ።

ልጁ መሃል ላይ አልችልም ቢልስ? ብስክሌቱ ቢሰበርስ?

መውጫችሁን አስቀድማችሁ እወቁ። ብራንስዊክ፣ ሃርፐርስ ፌሪ፣ ዊሊያምስፖርት፣ ሃንኮክ መኪና የሚደርስባቸው ከተሞች ናቸው። ለእያንዳንዱ ቀን "ከዚህ በኋላ ብንፈልግ የት ነው የምንወጣው" የሚለውን በወረቀት ጻፉ። ፓውፓው አካባቢ ስልክ አይሠራም፤ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። አንድ ዘመድ ወይም ጓደኛ ትልቅ መኪና ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ቀድሞ ይነገረው። ከካምበርላንድ ወደ ዲሲ የአምትራክ ባቡር ብስክሌት ይጭናል፣ ግን ቦታው ጥቂት ስለሆነ ከትኬቱ ጋር ቀድማችሁ ማስያዝ አለባችሁ። አምስት ሰው ከነተጎታቹ በዚያ አይሆንም፤ እኛን ወንድሜ በቫን መጥቶ ነው የወሰደን።

ለድካሙ የሚለጠጥ መጎተቻ ገመድ ያዙ፤ ከአዋቂው መቀመጫ ሥር ታስሮ የልጁን መሪ አንገት የሚይዝ። ስድስተኛው ቀን ከሰዓት ልጄ ቆመ፣ ብስክሌቱን ሳሩ ላይ ጣለና "ከዚህ አልሄድም" አለ። አልተቆጣሁትም። ጭኮ ሰጠሁት፣ ገመዱን አሰርኩለት፣ "አንተ መሪውን ብቻ ያዝ" አልኩት። አራት ማይል ጎተትኩት። ከዚያ ራሱ ፍታኝ አለኝ።